«ወይ ያስጠግኑት፣ ወይ ይሽጡት» ላሉን ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ ኢንጂነር ኬፋስ ኦዊዲ
የሐይቅ ዳር መሬት ይገባኛል አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ጭቃችንን ሳይጸየፍ ለሚያመላልስዎ ነጭ መኪናዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ጡረተኛው መምህር ኤልካና ኦግዌኖ ከጉልበቴና ከደረቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከገበያው ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ከተከራየኋት አንዲት ክፍል ሆኜ ነው። የልጄ የአፒዮ ቤት ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ክቡርነትዎም የእኛው ልጅ ነዎትና እንደሚያውቁት አባት በአማቹ ቤት አያድርም፤ ሞት እዚያ ካገኘው ደግሞ ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ወፍጮው ሲያጓራ እሱን እየሰማሁ፣ ዝም ሲል ሳሌን እየሳልኩ እውላለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «የተበላሸውን ላፕቶፕ በሚመለከት ባለንብረቱ ወይ ያስጠግኑት፣ ወይ ይሽጡት፤ ኮሚቴው የሚያገባው ጉዳይ አይደለም» የሚለውን ቃል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ይህን የሚያህል ጥበብ በአንድ መስመር ተጽፎ አላየሁም። ምክርዎን ችላ እንዳላልኩ ያውቁ ዘንድ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይኖረኝ ስመክርበት ቆይቼ የደረስኩበትን በትሕትና አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤዬ በቤተ ክርስቲያኑ በርና በዓሣ ገበያው ሚዛን ላይ ስለሚለጠፍ፣ ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይደናገር ከመነሻው ልጀምር።

ኮጎላ መንደራችን ሐይቁ ዳር ነበረች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ሐይቁ መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያ ድንጋያችንን ሸፈነ፤ ልጆቹ ተደስተው ዋኙበት። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን ወሰደ። በሦስተኛው ወር ፍየሎቻችንንና ፍራሾቻችንን ይዘን ወጣን፤ ሙታኖቻችንን ግን ይዘን መውጣት አልቻልንም። አምና ውሃው ሸሸ። ልንመለስ ቆርቆሮ ስናሰባስብ ክቡርነትዎ የሚመሩት ኮሚቴ ቀድሞን ደረሰ፤ መሬቱን አንድ የዓሣ እርባታ ኩባንያ ፈልጎታል አሉ። ሆኖም ደግ ነዎትና አንድ በር ከፈቱልን፦ የቤተሰቡን ሟች በግቢው መቅበሩን በማስረጃ ያሳየ ሰው፣ ግቢው የእሱ ነው ተብሎ ይመዘገባል።

እልል አልን፤ የራሳችን ልጅ ሰብሳቢ በመሆኑ ፍየል ልናርድልዎ የተማከርን ሁሉ ነበርን። የእኛ ሰው ከግቢው ውጭ መች ይቀበራል? ሚስት ከቤቱ በር በስተግራ፣ ባል በስተቀኝ። የእኔ አኬዮ በስተግራ ናት፤ በስተቀኝ ያለው ቦታ የእኔ ነው፤ ከዚህ ዓለም የቀረኝም የምፈልገውም እሱ ብቻ ነው። ነገር ግን መስቀሎቹን ውሃው ነቅሎ፣ ደለሉ ሁሉን አንድ አድርጎ ደልድሎታል። ማስረጃ ሲባል የቀረው የቀብር መርሐ ግብር ነበር፤ የሟቹ ፎቶግራፍ፣ የሕይወት ታሪኩ፣ የተናጋሪዎቹ ዝርዝር ያሉበት ያ ትንሽ መጽሐፍ። በየቀብሩ ሦስት መቶ ቅጂ ይታተማል፤ ሦስት መቶው ሰው ፀሐዩ ሲበረታ ያራግብበታል፣ ንግግሩ ሲረዝም ይቀመጥበታል። አርባ ሦስት ሰው ቀብረን አንድ ቅጂ ያስቀመጠ ሰው ጠፋ። ለምን? ሁሉም «መምህር ጋ አለ» ብሎ ነዋ።

እውነትም እኔ ጋ ነበር። ጡረታ ስወጣ ተማሪዎቼ አዋጥተው በገዙልኝ አሮጌ ላፕቶፕ አርባ ሦስቱንም የጻፍኩ፣ ከቀብሩም በኋላ የዕለቱን ንግግሮችና ፎቶግራፎች በየመርሐ ግብሩ ላይ የጨመርኩ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው የአኬዮ ነው፤ በሁለት ጣት እየለቀምኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ላፕቶፑ ማጠፊያው ተሰብሮ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ታስሯል። የወንዶቻችን ስም አብዛኛው በ‘ኦ’ የሚጀምር፣ የሚሞቱትም አብዛኛው ወንዶች ስለነበሩ፣ ከፊደሎቹ ሁሉ ቀድማ የተነቀለችው ‘ኦ’ ናት፤ ባስፈለገች ቁጥር ከኪሴ አውጥቼ ቦታዋ ላይ አስቀምጬ እጫናት ነበር። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ቅጂ አንቀበልም፣ ዋናው ዕቃ ራሱ ለምርመራ ይቅረብ ስላሉን አመሰግናለሁ። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ አመጣሁ፤ ጸሐፊዎ ሲከፍተው ሠርቷል፤ በደረሰኙም ላይ «የሚሠራ» ተብሎ ተጽፏል። ማኅተሙ እንዴት ያምራል!

ሁለተኛ፣ ለአሥራ አንድ ሳምንት በግምጃ ቤትዎ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። ግምጃ ቤቱ ጣሪያው እንደሚያፈስ ጥበቃው ነገረኝ፤ ወንበሮችዎ በሸራ ተሸፍነው ነበር አሉ፣ የእኔ ዕቃ ግን መሬት ላይ። ከውሃ ሸሽቶ የመጣን ዕቃ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥዎ ውሃው እንዳይናፍቀው በማሰብ መሆን አለበት። ስቀበለው ከጎኑ ውሃ ጠብ ይል ነበር፤ በመመለሻው ደረሰኝ ላይ «እንዳለ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ሁለተኛው ማኅተም ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፤ ቢታይ።

ሦስተኛውን ምስጋና ለማቅረብ ቃል ያጥረኛል። ምክርዎ በደረሰኝ በሳምንቱ አንድ ጎልማሳ ሰው ክፍሌን አንኳኳ። ገበያው በሙሉ ጭቃ ሆኖ ጫማው አልቆሸሸም። «አባባ፣ አሮጌ ላፕቶፕ እገዛለሁ፤ ባይሠራም ግድ የለኝም» አለኝ። የጠራው ዋጋ የዓመት ኪራዬን ከፍሎ ለሳሌ መታከሚያ ይተርፍ ነበር። ጎረቤቴ የተቃጠለ ራዲዮና ሁለት ስልክ ይዞ ሲሮጥ ቢመጣ ዞር ብሎም አላያቸው። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ወጥቷል ወይ? አልወጣም ስለው ፊቱ በራ፤ ሰው ነክቶት ከሆነ ግን እንደማይገዛው አስጠነቀቀኝ። ሲሄድ የገባበትን መኪና አየሁት፤ ከላይ ጤና የተመኘሁለት ነጭ መኪና ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ ክቡርነትዎ ለአሮጌ ዕቃ ይህን ያህል ፍቅር እንዳለዎ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ ልሸጠው ነበር። ቅዱስ አይደለሁም። አፒዮ የመድኃኒት ጠርሙሴን ባዶ ሆኖ ስታየው አለቀሰች፦ «አባዬ፣ ሽጠውና ታከምበት። እማዬ እኮ ላፕቶፕ ውስጥ አይደለችም።»

እኔም «የት እንዳለች የሚያውቅ ሌላ ማን ቀረ?» አልኳት።

አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ ቆየሁ። ማስጠገን ማለት ማስከፈት ነው፤ ካስከፈትኩት ገዢው አይመለስም፤ ካልተሳካ ደግሞ ገንዘቡንም ማስረጃውንም አጣሁ ማለት ነው። ከሸጥኩት ግን አንድ ዓመት ያለ ሳል እኖርና፣ ስሞት ማዘጋጃ ቤቱ ቁጥር በሰጠው ጉድጓድ ውስጥ ከማላውቀው ሰው አጠገብ እገባለሁ። ይህንን ሳሰላስል ነው አራተኛው ደግነትዎ የደረሰኝ፦ ለመጪው ሐሙስ ስብሰባ የተዘጋጀው ረቂቅ ዘገባ። «በስፍራው ከውሃው በፊት ቋሚ መኖሪያም ሆነ መቃብር ስለመኖሩ ምልክት አልተገኘም» ይላል። ከሥሩ ስምዎና ፊርማዎ አለ።

ክቡር ሆይ፣ መቃብር የለም? ሜሼክ ኦዊዲ የት ነው ያለው ታዲያ? አባትዎን ከግቢያችን ቀጥሎ ባለው ግቢ አብረን አይደል የቀበርነው? የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ከከተማ አሥር መኪና አስከትለው መጥተው፣ በተናጋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ከስምዎ በፊት «ኢንጂነር» እንዲጻፍ ሦስት ጊዜ መልሰው ያሳረሙኝ እርስዎ አይደሉም? የሌላውን ሙት የካደ ሰው አይቻለሁ። የራሱን አባት የካደ ሰው ግን ሳይ መጀመሪያዬ ነው፤ አፈርኩልዎ። ዘገባውን ባነበብኩ ማግስት ላፕቶፑን ይዤ ኪሱሙ ከተማ ሄድኩ።

ሊና አዎር አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ስልክና ኮምፒዩተር ትጠግናለች። ስትከፍተው ከውስጡ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጭቃና አንዲት የሞተች እንሽላሊት ወጣ። «መምህር፣ ላፕቶፑን ይርሱት» አለችኝ፤ «ሃርድ ዲስኩን ልሞክረው፤ ቃል ግን አልገባም።» ዘጠኝ ቀን ወሰደባት። ከአርባ ሦስቱ የተከፈቱት ስድስት ናቸው። ሠላሳ ሰባቱ እንደገና ሞቱ፤ በዚህኛው ሞታቸው ደግሞ አልቃሽም መርሐ ግብርም የላቸውም። የጎረቤቴ የኛዋዴ መንትዮች የሉም። ዓሣ አጥማጁ ኦንጎንዶ የለም። የአኬዮም አልተከፈተም። ሊና የጠረጴዛውን መብራት አጥፍታ ትታኝ ወጣች፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት አልወደደችም።

የአባትዎ ግን ተከፈተ። አንድ ገጽ ሳይጎድል፣ ከነፎቶግራፎቹ። በገጽ አራት ላይ ንግግርዎ አለ፦ «አባቴ እዚህ ነው፤ እኔም መጨረሻዬ እዚህ ነው፤ ከዚህች መሬት የሚነቅለን የለም።» ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያን ቀን አልቅሰዋል፤ እኔም አብሬዎ አልቅሻለሁ። በገጽ ስድስት ያለው ፎቶግራፍ ደግሞ ሐዘንተኛው ከመብዛቱ የተነሣ አጥሩን አልፎ ግቢያችን ውስጥ የቆመውን ያሳያል። ክቡርነትዎ ሐዘኑ በርትቶብዎ፣ በአንድ የሲሚንቶ መስቀል ላይ በግራ እጅዎ ተደግፈዋል። ከኋላዎ የቤቴ በር ይታያል፤ መስቀሉ ከበሩ በስተግራ ነው። ከጣቶችዎ በታች ያለው ጽሑፍ ይነበባል፤ ሊና አጉልታ ስታሳየኝ አነበብኩት። «ፔሬስ አኬዮ፣ የኤልካና ሚስት» ይላል።

በዚህ ዓለም ላይ የሚስቴ መቃብር የቀረው በዚያ ፎቶግራፍ ነው፤ ምስክሩም እርስዎ ነዎት። ሐሙስ ይዤው እቀርባለሁ። የኮጎላ ሰውም በስድስቱ መርሐ ግብሮች ውስጥ ከሌላ ሰው ሐዘን ጀርባ የራሱን የማንጎ ዛፍ፣ የራሱን አጥር፣ የራሱን መስቀል ሲፈልግ ሰንብቷል፤ አሥራ አራት ቤተሰብ አግኝቷል። ያላገኙት አሁንም በተራ እየመጡ ክፍሌ ውስጥ ሆነው እነዚያኑ ፎቶግራፎች ያያሉ። ምን ልበላቸው? ወደ ክቡርነትዎ እንዳልልካቸው ሥራ ይበዛብዎታል።

ምክርዎን ስለፈጸምኩ ደስ ይበልዎ። «ያስጠግኑት» ያሉኝን የተቻለኝን ያህል ፈጽሜያለሁ። «ይሽጡት» ያሉኝን ግን መፈጸም አልቻልኩም፤ ለልጅ የገዛ አባቱን መቃብር ገንዘብ ተቀብዬ ብሸጥለት፣ በስተግራ ያለችው ሴትዮ በስተቀኝ ስመጣ ፊቷን ታዞርብኛለች።

ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት ውሃው እስከደረሰበት ከፍታ ድረስ እየገለጽኩ፣ አባትዎን የቀበርኩ፣ ስምዎን ሦስት ጊዜ ያረምኩ፣ ማደሪያ እንጂ መቃብር ያላጣሁ ጎረቤትዎ፣

መምህር ኤልካና ኦግዌኖ፣ የኮጎላ ሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰውዎ ብዙ ደክሟልና የላፕቶፑን ቀፎ በፎጣ ጠቅልዬ በነጻ ልኬልዎታለሁ። ሃርድ ዲስኩ ወጥቷል። የተነቀለችዋን የ‘ኦ’ ፊደል ለብቻዋ በትንሽ ወረቀት ጠቅልዬ ከውስጥ አድርጌያታለሁ፤ ዘገባውን ሲያርሙ የአባትዎን ስም ያለ እሷ መጻፍ አይችሉም።