የሰፈራችን በርና ሁለቱ ድምፆች

አዳማ፣ እሑድ ጥር 17

ዓርብ ጥር 15፦ የመንገዳችን በር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ በሚለው ላይ፣ በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን ስም የማይታይበት ድምፅ ተሰጠ። ቅዳሜ ጥር 16፦ “ይዘጋ” የሚለው በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ዛሬ፦ ውሳኔውን ለማጽደቅ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰብን።

እትዬ አልማዝ ከፊት ተቀምጠዋል። ሱቃቸው ከበሩ ወደ ውስጥ ነው፤ ገበያቸውም ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አምሽተው የሚመለሱት ሠራተኞች ናቸው። “ይዘጋ የምትሉ?” ሲባል አንድም እጅ አልወጣም። “አይዘጋ” ሲባል ድንኳኑ እጅ በእጅ ሆነ።

ሰብሳቢው ጋሽ ቶሎሳ ሳቁ። “ዓርብ በጣታችሁ ዘጋችሁ፣ ዛሬ በእጃችሁ ከፈታችሁ!”

“ታዲያ በስልክ የዘጋብኝ ጂኒ ነው?” አሉ እትዬ አልማዝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

በሩ እንዳይዘጋ ተወሰነ። የሰፈሩ እውነተኛ ፈቃድ ግን የትኛው ነው? የስልኩ ድምፅ ከይሉኝታ ነጻ ነው፤ የድንኳኑ ደግሞ የሚጎዳውን ሰው ፊት እያየ የተሰጠ ነው። አንዱን መርጬ ሌላውን ለመጣል በቂ ምክንያት አላገኘሁም።

እኔ በስልኬ “ይዘጋ” ብዬ ነበር። ዛሬ እጄን ለየትኛውም አላነሳሁም።