በማርያም ቀን ያቃጠልኩት መሰርሰሪያ

ረቡዕ፣ የካቲት 20
የመንደሩን የውሃ ጉድጓድ ስንቆፍር ዛሬም ከጥቁሩ ድንጋይ አልወጣንም። ቀኑን ሙሉ ሰርስረን አንድ ክንድ አልሞላም። ዓርብ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ከደብረ ታቦር ወደዚህ ወደ እብናት ይመጣል። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅም ቢሆን ጉድጓድ ማፍጠን እንደሚችል ላሳየው እፈልጋለሁ። ነገ ማርያም ናት፤ ሰው አይሠራም። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር አያ ሞላን ፈቃድ ለመንኳቸው። «የሚሠራው ማሽኑ ነው» አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን አከክ አከክ አድርገው፣ «ማሽን ክርስትና አልተነሣ። ሥሩ» አሉኝ።

ሐሙስ
አቃጠልኩት። መሰርሰሪያውን የምናቀዘቅዝበትን ውሃ ከወንዝ በእንስራ የሚያመጡልን የመንደሩ ሴቶች ናቸው። በበዓል ማን ይቀዳል? አላሰብኩትም። ረፋዱ ላይ በርሜሎቹ ጎደሉ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጌጡ «እናቁም» አለኝ። ውሃውን ቀንስ፣ ዙሩን ጨምር አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ፈጠነ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ይጮህ ጀመር። ስናወጣው ጥርሱ ተበልቷል፣ መዞሪያው ተጣብቋል፣ ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል። አዲስ ነበር። የቀረን አንድ ያረጀ ብቻ ነው።

ዓርብ
ኃላፊው መጣ። «ድንጋዩ ነው» አልኩት። አመነኝ።
ጌጡ የነገረኝ ደግሞ የባሰ ነው። መንደሩ ማርያም ተቆጣች ብሏል፤ በበዓሏ ሥራ የፈቀዱት አያ ሞላ ናቸውና። ትናንት ማታ የማርያም ማኅበራቸው ላይ ጽዋውን ከልክለዋቸዋል። ሴቶቹም ከእንግዲህ ውሃ አናመጣም ብለዋል።

ቅዳሜ
ሰንበት፤ ማሽኑ ቆሟል። አያ ሞላን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልል አፌን ከፍቼ ስለ ሙቀቱ አወራሁ። «አይዞህ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወደተቀመጡበት ሄድኩ። «መሰርሰሪያውን ያቃጠለችው ማርያም አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ውሃ ሳይኖር አሠራሁት» አልኩ። አንዲት መነኩሲት፣ «ታዲያ ውሃ ያጣኸው በዓሏ ስለሆነ አይደል?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ግን፣ «እንግዲያው ጥፋቱ ያንተ እንጂ የሞላ አይደለም። ሞላ ጽዋውን ይቅመስ፤ አንተ ከሴቶቹ ጋር ውሃ ትቀዳለህ» ብለው ፈረዱ። ስንወጣ አያ ሞላ ትከሻዬን ያዙ። «እኔስ ታረቅሁ። የጉድጓዱ ውሃስ?»

ሰኞ
እንስራው ጀርባዬን ላጠው። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች፣ «ፈጠን በል እንጂ መሐንዲስ፤ ፍጥነት ትወድ የለም?» እያሉ ይስቁብኛል። በአሮጌው መሰርሰሪያ፣ ክብደት ጨምረን፣ ዙር ቀንሰን፣ ውሃውን ሳንሰስት ሠራን። እስከ ማታ አንድ ስንዝር ወረድን። ጌጡ ጥርሱን ዳሰሰና «ምንም አልሆነም» አለኝ።
ለኃላፊው እውነቱን ገና አልነገርኩም። ረቡዕ መኪናው ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። አብሬ ሄጄ እነግረዋለሁ መሰለኝ።