ከአዲስ አበባ ረጃጅም ሕንፃዎች እስከ ኦሺዮት ስድስተኛ ፎቅ፦ ስለ አቶ ንብረት አምባው ኅልፈት

ከኦሺዮት ቤተ እስራኤል መረዳጃ ማኅበር፣ ረሖቮት

የማኅበራችን አባልና የአሳንሰር ባለሙያ የነበሩት አቶ ንብረት አምባው ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቀብራቸውም ረቡዕ ዕለት ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት እዚሁ እስራኤል፣ ረሖቮት ከተማ ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማውን መራር ሐዘን ይገልጻል። ይህ መግለጫ ዓርብ መውጣት ሲገባው እስከ ዛሬ እሑድ የዘገየው በቸልተኝነት አይደለም። ዓርብ ቀትር ላይ አንድ ነገር ተጀምሮ ስለነበር ፍጻሜውን ማየት ነበረብን።

አቶ ንብረት የተወለዱት በጎንደር፣ ወገራ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ከእናታቸው ከወይዘሮ አፀደ ጋር በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ በሕይወታቸው ያዩት ረጅም ቤት የፋሲል ግንብ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሩቁ። የውትድርና አገልግሎታቸውን እንደ ጨረሱ የአሳንሰር ተከላና ጥገና ተማሩ። ይህን ሙያ ለምን እንደ መረጡ ለሚጠይቃቸው ሰው መልሳቸው "ደረጃ ስለማልወድ" የሚል ነበር። ማኅበሩ ይህ እውነት እንዳልሆነ ያውቃል፤ ደረጃ እየዘለሉ ሲወጡ ስንት ጊዜ አይተናቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በቀጣሪ ድርጅታቸው በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ከተማዋ ሽቅብ ማደግ የጀመረችበት ጊዜ ነበር። የአገሪቱ ረጅሙ ሕንፃ ይኼ ነው፣ የለም ያኛው ነው የሚለው ክርክር በየሻይ ቤቱ ደርቷል። አቶ ንብረት በክርክሩ አልገቡም። የእርሳቸው አስተያየት አንድ ነበር፦ ሕንፃ በብረትና በሲሚንቶ ይቆማል እንጂ የሚረዝመው በአሳንሰር ነው፤ አሳንሰር ከሌለው ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ያለው የእርግብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ ሲሠሩ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ አሳንሰሩ በባትሪ ወደሚቀጥለው ፎቅ ወርዶ በሩን እንዲከፍት ካልተደረገ ሥራውን አላስረክብም አሉ። አንድ ሥራ ተቋራጭ ትርፍ ወጪ ነው ብሎ አጉረመረመ። አቶ ንብረት ሰውየውን አሳንሰሩ ውስጥ አስገብተው መብራቱን አጠፉበት። ከዚያ ወዲያ ያጉረመረመ የለም።

የአገሪቱን ረጅሙን ሕንፃ የሠሩት አቶ ንብረት ናቸው የሚል ወሬ በለቅሶው ላይ ሰምተናል። አልሠሩም። እ.ኤ.አ. በ2022 እንደ ማንም መንገደኛ ከሥሩ ቆመው አንጋጠው አይተውታል፤ "እሰይ! እዚያ ላይ ያለው አሳንሰር እንጀራው አይቋረጥም" ማለታቸውን አብረዋቸው የነበሩ አባሎቻችን ያስታውሳሉ። ለሟች ያልሠሩትን ሥራ መስጠት ክብር አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የፈጸሙትን ስሕተት መዝለልም አይገባም፤ ራሳቸውም ደብቀውት አያውቁም። እንደሚታወቀው እዚህ አገር ሰንበት አክባሪ በሚኖርበት ሕንፃ፣ አሳንሰሩ ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ከተዘጋጀ፣ ሰንበትን በሙሉ ማንም ሳይነካው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በየፎቁም ቆሞ በሩን ይከፍታል። ስሙን የማንጠቅሰው ባለ ሠላሳ ምናምን ፎቅ የአዲስ አበባ ሕንፃ በማግስቱ ቅዳሜ ሊመረቅ፣ አቶ ንብረት ዓርብ ከሰዓት ለአገሬው ቴክኒሻኖች የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን አሠራር ሲያሳዩ የሰንበቱንም አሳዩ። ፀሐይ ማዘቅዘቋን ሲያዩ ተጣድፈው ወደ ማረፊያቸው ሄዱ። ማጥፋቱን ረሱት።

ቅዳሜ የሕንፃው ባለቤት እንግዶቻቸውን ይዘው ቢገቡ፣ አሳንሰሩ አንደኛ ላይ ቆመ፣ ሁለተኛ ላይ ቆመ፣ ሦስተኛ ላይ ቆመ። እየተከፈተ እየተዘጋ እስከ ጣሪያው። ለአቶ ንብረት ተደወለ፤ ሰንበት ነውና ስልካቸው ዝግ ነው። መኪና ተላከ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሣሪያ እንደማይነኩ ተናገሩና ሾፌሩን ምሳ አብልተው መለሱት። ሲመሽ መጥተው ባንድ አፍታ አስተካከሉት፤ የባለቤቱንም ቁጣ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። የተደሰቱት የባለቤቱ አሮጊት እናት ብቻ ነበሩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር በመስኮቱ ከተማዋን እያዩ፣ "እንዲህ ነው እንጂ! ሳልለምነው በየደጁ አሳረፈኝ" ብለው መርቀዋቸዋል።

አቶ ንብረት ሲመለሱ ይህንኑ ለእናታቸው አወሩ። ወይዘሮ አፀደ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያም "ኧረ የኔ ልጅ! የሰው እናት በሰንበት ታወጣለህ ታወርዳለህ፤ እኔንስ መቼ ነው የምታወርደኝ?" አሏቸው።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ወይዘሮ አፀደ ኦሺዮት በተባለው ሰፈራችን፣ አንድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጉልበታቸው ደረጃ እንቢ ካለ ቆይቷል። በአዘቦት ቀን በአሳንሰር ወርደው፣ በአውቶቡስ ሄርዝል ጎዳና ድረስ ሄደው ጉዳያቸውን ይፈጽማሉ። ሰንበት ሲሆን ግን አሳንሰር አይነኩም። ጎረቤት ይንካልኝም አይሉም፤ "በሰው ጣት ሰንበት ልሻር?" ይላሉ። ማንም ሳይነካው በራሱ የሚሄደውን ግን ከወንዝ ውኃ አይለዩትም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ በሚጠብቁት ቀን፣ ሰው ሁሉ ወደ ጸሎት ቤት ሲሄድ ከመስኮት ሆነው ያዩ ነበር።

የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ፣ ቫዓድ የሚባለው፣ የሰንበት አሳንሰር ይደረግልን የሚለውን ጥያቄ ሳይቀበል ቆይቷል። ሰብሳቢው አቶ ያሮን አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ የሌሊት ሠራተኛ ናቸው። መኝታ ቤታቸው ከአሳንሰሩ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ እንቅልፍ የሚጠግቡትም ቅዳሜ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን እውነት ነው። የሕንፃው አሳንሰር ጠጋኝ ደግሞ ራሳቸው አቶ ንብረት ነበሩ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ መክፈቻ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ማዞር ይበቃ ነበር። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ "ያላ፣ በል እንግዲህ፣ አዙረውና ዝም በል" ብለዋቸዋል። "የሰው እንቅልፍ ሰርቄ እናቴን አላስጸልይም" ብለው መለሱ። እስከ ሞቱም ድረስ አላዞሩትም።

ዓርብ ቀትር ላይ አቶ ያሮን ለማጽናናት ስድስተኛ ፎቅ፣ ሐዘን ቤቱ ድረስ መጡ። ወይዘሮ አፀደ ስለ አሳንሰሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። "አንተስ ልጄ፣ እንቅልፍ ታገኛለህ ወይ?" ብለው ብቻ ጠየቋቸው። አቶ ያሮን ወርደው የቫዓዱን አባላት ደረጃው ላይ ሰብስበው የሰንበቱን አሳንሰር አስወሰኑ፤ የራሳቸውንም አልጋ ወደ ሳሎን አወጡ። አቶ ንብረት ያሠለጠኗት ቴክኒሻን ጋሊት ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሳ መክፈቻውን አዞረች። "ቤሰደር፣ ተስተካክሏል" አለችና ደጅ ወጥታ አለቀሰች።

ትናንት በሰንበት ጠዋት አሳንሰሩ ማንም ሳይጠራው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ በሩን ከፈተ። ወይዘሮ አፀደ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። አምስተኛ ላይ ሲከፈት ጎረቤቶች በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር። በሰንበት አይለቀስምና "ሰንበት ሰላም" ብቻ አሏቸው። አራተኛ ላይ አቶ ያሮን ፒጃማ እንደ ለበሱ ቆመዋል። ሦስተኛም ሁለተኛም አንደኛም እንዲሁ ነበር። ምድር ቤት ስንቀበላቸው፣ ወይዘሮ አፀደ ዞረው በሩ ሲዘጋ አዩና "ንብረቴ አወረደኝ" አሉ።

ማኅበሩ ለወይዘሮ አፀደ፣ ለአቶ ንብረት ባለቤት ለወይዘሮ ሽታዬ፣ ለልጆቻቸው ለሊታልና ለቶሜር፣ እዚህም አዲስ አበባም ላሉ የሙያ ባልደረቦቻቸው ጽናቱን ይስጣችሁ ይላል። ከመዝከረት ባትያ ከተማም ሆነ ከሌላ ቦታ ለልቅሶ የምትመጡ፣ ሰባቱ ቀን እስኪሞላ ቤተሰቡን ስድስተኛ ፎቅ ታገኛላችሁ። የሕንፃው ነዋሪዎችም እንድታውቁት፣ ከእንግዲህ አሳንሰሩ በየሰንበቱ በየፎቁ ይቆማል። የቸኮለ በደረጃው ይውረድ።