መስመሩን ያለፈች ኳስ

ለምወድህ ወንድም ጋሻዬ ላይል፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? ያ የቀኝ ትከሻህ በአላስካ ብርድ ደግሞ አልተነሳብህም? ዓሣውስ ይገኛል? ባሕሩ ሲቆጣ ከመርከቧ ጠርዝ ራቅ በል ብዬ ስንቴ እንደመከርኩህ ታውቃለህ፤ እንደማትሰማኝ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ምላሷ እንደ ድሮው ስል ነው። ባለቤቴ ሮይም ደህና ነው፤ ጣራውን ዛሬ እጠግናለሁ፣ ነገ እጠግናለሁ እያለ ሌላ ክረምት ሊያስገባን ነው። ልጅህ ደስቲንም በአካሉ ደህና ነው። በአካሉ ያልኩት አውቄ ነው። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

እኔ ግን ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ እግሬ አላርፍ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ እጀምርና አቋርጣለሁ፤ ተነስቼ የጠረግሁትን በረንዳ ደግሜ እጠርጋለሁ። አሁን ቅድም ሮይ «አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ጻፊ ወይ ጥረጊ!» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ መጥረጊያውን ደብቆብኝ ወጥቷል፤ እኔም እየጻፍኩ ነው።

በቅሎዎቹን፣ የከተማችንን የኳስ ቡድን፣ ማሠልጠን እንዴት እኔ ላይ እንደወደቀ ነግሬሃለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ፊሽካ ስነፋ፣ የዚህ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የአሜሪካ ፉትቦላችን ዳኛ ሆኜ ኖርኩ። ጉልበቴ አልሮጥ ሲለኝ ፊሽካውን ሰቀልኩ። ወዲያው የከተማችን ጎረምሶችና ጎልማሶች፣ ቀን በጀልባና በጋራዥ ውለው አመሻሽ ላይ ያለ ክፍያ ኳስ የሚጫወቱት እነዚያው በቅሎዎች፣ ደጄ ላይ ተሰለፉ። በየጨዋታው ቅጣት በቅጣት ላይ እየተከመረባቸው መረራቸው። ስቀጣቸው የኖርኩት እኔው ነኝና ሕጉን ማን ያውቃል ቢባል ሌላ ሰው አልታያቸውም።

ችግራቸው ጉልበት አይደለም፤ ጉልበትማ በሬ ናቸው። ችግራቸው ሁሉም ፉትቦልን የተማሩት ሶፋ ላይ ተጋድመው ከቴሌቪዥን መሆኑ ነው። የኛ ሊግ ደግሞ የሚጫወተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕግ ነው፤ ዳኞቻችን የትምህርት ቤት ዳኞች ናቸዋ። ሁለቱ ሕጎች በብዙ ቦታ ይለያያሉ። ይህን ስላቸው ቡርል፣ ያ የጀልባ ሠራተኛው ግንድ የሚያህል ሰው፣ «እትዬ ቬርና፣ ኳስ ኳስ ናት፤ ያዝ፣ ሩጥ፣ የመጣብህን ገልብጥ!» ይለኛል። ሌሎቹም ይስቃሉ። እኔም ሜዳውን አዞራቸዋለሁ።

ቅዳሜ ለፍጻሜ ለማለፍ ከወንዙ ማዶ ካሉት ከቤልፎርዶች ጋር ገጠምን። ዝናቡ ጠዋት የተሰመረውን ኖራ አጥቦ ወስዶት መስመሩ ከጭቃው አይለይም ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቤልፎርዶች አግብተው መሩን። ያገባው ቡድን ኳሷን ወደ ሌላው ይለጋል፤ እነሱም ለጉ። ነፋሱ ከኋላቸው ነበርና ያቺ እንቁላል የመሰለች ኳስ ሄደች፣ ሄደች፣ በሊጋችን ደርሳ ወደማታውቅበት ወደኛ ግብ መስመር ተጠጋች። ደስቲን እዚያው አካባቢ ያዛት። እኔ መሐል ሜዳው ዳር፣ ከነዚያ ግንዶች ጀርባ ስለነበርኩ የት ቆሞ እንደያዛት አላየሁም። ሲሮጥ ግን አየሁት። ላይል፣ ልጅህ ሲሮጥ ማየት ነበረብህ! ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ ሄዶ አገባት። አሸነፍን። እኔም በዚህ ጉልበቴ ዘለልኩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ፔግ ምሳ ቤት ሄድን። ደስቲን የስጋ ቂጣውን ሳይነካ ወደ ስልኩ ሄዶ ወደብ ላይ አገኘህ። ያለህን ታስታውሳለህ። «አባዬ! ከግብ መስመሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሆኜ ነው የያዝኳት! ሁሉም ተንበርከክ፣ ተንበርክከህ ኳሷን እዚያው አቁማት ይሉኛል፤ እኔ ወይ ፍንክች!» ሲልህ ምሳ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንተም «ኮራሁብህ፣ ልጄ» አልከው። ሁላችንም እንድንሰማው ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያዘው። እኔ ግን የያዝኩት ሹካ እጄ ላይ ቀረ።

በኛ ሕግ እንዲህ ነው፦ የተለጋች ኳስ የግብ መስመሩን ካለፈች፣ በአየርም ይሁን በምድር፣ ያኔውኑ ሞታለች። ይዞ መሮጥ ብሎ ነገር የለም። በቴሌቪዥን ግን ይሮጣል፤ ስለዚህ አንተም አልነቃህም፣ እሱም አልነቃም፣ ጥግ ይዘው ፊታቸውን አጥቁረው ሾርባ የሚጠጡት ሁለት የቤልፎርድ ልጆችም አልነቁም። ዳኞቹ መስመሩ ስለጠፋባቸው ከፊት የያዛት መሰላቸው። እሱ ራሱ ጎሉን ባፉ እያፈረሰ መሆኑን ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ሳያበቃ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግማሹን ከተማ ሜዳ ወስዶ የጫማውን ኮቴ አሳየ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ያለችውን ዱካ ከበው ቆሙ። ሰው ሲበተን እኔ ቀርቼ ከአንዱ ማዕዘን ምልክት ወደ ሌላው አሻግሬ አየሁ። ዱካው ከመስመሩ ጀርባ ነው። ሁለት እርምጃ ባይሞላም ጀርባ ነው። ኳሷ ስትያዝ ሞታ ነበር።

አሁን የኔን ጭንቀት ተረዳልኝ። ጨዋታው ተጠናቆ ዳኞቹ ከሜዳ ከወጡ በኋላ ውጤቱን የሚቀይር ሕግ የለም። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ልጁ ደግሞ ዓመቱ ሙሉ ከፍቶበት ነበር፤ ፋብሪካው አሰናብቶት ያለ ሥራ ተቀምጧል፣ የወደዳት ያቺ ልጅም ትታው ሄዳለች። አንተ ደግሞ፣ አትቆጣኝና፣ ለዚህ ልጅ «ኮራሁብህ» ስትል ሰምቼህ አላውቅም። ሲወለድ እንኳ ያልከው «ጣቶቹ ሙሉ ናቸው?» ነው። ያንን አንድ ቃል ካፉ ልነጥቀው? በሌላ በኩል በፍጻሜው የምንገጥማቸው ሰዎች ኃይለኛ ለጊ አላቸው፤ ኳሷ መስመሩን በየጊዜው ታልፋለች። ኳሷ ሞታ ሌላው ሰው ቆሞ ሳለ የኛ በቅሎዎች ሳያውቁ ቢጋጩት ቅጣቱ ይቅርና ጉልበት ይሰበራል። እንዲህ ሲሰበር ዓይኔ አይቷል። ላስተምራቸው ግድ ነው፤ ያስተማርኩ ዕለት ደግሞ ደስቲን ያውቃል።

ማክሰኞ አስተማርኩ። አዲስ ኖራ አስምሬ፣ ኳሷን ከመስመሩ ጀርባ አስቀምጬ፣ «እዚህ ከደረሰች ሞታለች፤ አትሩጡ፣ አትምቱ፣ ቁሙ» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቡርል «እትዬ፣ ይሄን ሕግ ዛሬ ጠዋት ነው የወለድሽው?» አለ። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ፤ አንድ በአንድ ወደ ደስቲን ዞሩ። ቡርል ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታዲያ የቅዳሜዋስ?» አለ። ደስቲን የራስ ቁሩን አንስቶ ወደ መኪናው ሄደ፤ ማንም አልተከተለውም።

ረቡዕ ወጥ ቤቴ ገብቶ ሳይቀመጥ «አክስቴ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ። «ለአባትህ ስትነግረው» አልኩት። «መመለስ ይቻላል?» አለ። «በሕጉ አይቻልም። ዳኛ የሻረው ካልሆነ በቀር ጎል ጎል ነው» አልኩት። «እኔ ግን አውቃለሁ» አለና ወጣ። የት እንደሄደ ያወቅሁት ሲመለስ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ የቤልፎርዱ አሠልጣኝ ሆሊስ ጎሚስታ ቤት ሄዶ ነበር።

አቀባበሉን ልጁ እንደነገረኝ ልንገርህ። «ጋሼ ሆሊስ፣ የቅዳሜዋ ጎል ጎል አይደለችም» ሲለው ሆሊስ ጎማ እየፈታ ቀና እንኳ ሳይል «ልጁን ያመዋል እንዴ?» አለ። ደስቲን ሕጉን አስረዳው። ሆሊስም «እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን በዓይኔ የማየውን ልታስተምረኝ ነው? ከኋላ ተይዞ ይሮጣል! ስሮጥም ኖሬአለሁ!» አለው። ደስቲን ተሟገተ፤ ሆሊስ ተቆጣ። «ስማ የኔ ልጅ፣ አሸንፋችሁናል፣ ተቀብያለሁ፤ ቤቴ ድረስ መጥተህ አታላግጥብኝ!» ብሎ ሠራተኞቹን ጠርቶ አሳቀበት። በመጨረሻ ግን የመኪናው ጎማ ጎድሎ አይቶ በነጻ ነፍቶ ሰደደው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሆሊስ ግን ክፉ ሰው አይደለም።

ደስቲን ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፤ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «የገዛ ጎሌን ላፈርስ ስሟገት ተሸንፌ መጣሁ» አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና «አባዬ ግን ባልሆነ ነገር ነው የኮራብኝ። በስልክ አልችልም፤ አንቺ ጻፊለት። ቃሉን ልመልስ ካለም ይመልስ» አለኝ። አልነካሁትም፤ ብነካው እኔም እንደማለቅስ አውቃለሁ።

እነሆ ጻፍኩልህ። መርከባችሁ ወደብ እስክትመለስ ይህ ደብዳቤ እዚያ ይጠብቅሃል፤ የነገ ወዲያው ፍጻሜም አልቆ የሆነው ይሆናል። ልጁ ይጫወታል። በቅሎዎቹም ከማክሰኞ ወዲህ ሕጉን እየጠየቁኝ መግቢያ መውጫ አሳጥተውኛል፤ ቡርል ሌሊት ድረስ ደውሎ ጠይቆኛል። እኔ ግን የሚያቅበጠብጠኝ የቅዳሜው ጨዋታ አይደለም። ደስቲን ስልክ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጠበት እየተነሳ ነው፤ ባሕር ላይ መሆንህን እያወቀ።

እናታችን ካልሲህ ደረቅ መሆኑን ጠይቂልኝ ብላለች፤ ትስምሃለች። ሮይ ሰላም ብሎሃል፤ ጣራውን ስትመጣ አብራችሁ እንድትሠሩት ይፈልጋል፣ ማለትም አንተ እንድትሠራው። የመርከባችሁን ወጥ ቤት ሽማግሌውን ሮሜዮን ባልተዋወቅም ሰላም በልልኝ፤ በደንብ ያብላህ። የመኝታ ጓደኞችህንም ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ላይል፣ ወደብ ስትደርስ ከሁሉ በፊት ለልጅህ ደውል። «ማን አሸነፈ?» ብለህ ግን እንዳትጀምር። «ሆሊስ ቤት መሄድህን ሰማሁ» በለው።

እህትህ ቬርና
ኮርዊን ፌሪ፣ ኦሃዮ
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2004