ግማሹ ማሳ ባንተ ምክር ጠጣ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የፋብሪካው ብርድ አልጎዳህም? እኛ ይመስገነው ደህና ነን፤ ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረን።

ዛሬ «ጻፊለት» ያሉኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምህን ሳይጠሩ የከረሙት አባባ ናቸው። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የተጣላችሁበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ፓምፑ የገባ ሰሞን ኦቾሎኒውን በየሁለት ቀኑ ሲያጠጡ፣ «ሥሩ ይታፈናል፤ በየስምንት ቀኑ ይበቃዋል» ብትላቸው «ማሳዬን በውሃ ጥም ልግደልልህ?» ብለው አካፋውን ወረወሩ። አንተም ሻንጣህን አነሳህ። ያኔም ዓምናም ያገኘነው ቅጠል ብቻ ነበር።

ዘንድሮ የግብርና ባለሙያዋ መጥታ ያንኑ ቃልህን ደገመችላቸው። አባባ በማግስቱ ገመድ ዘርግተው ማሳውን ለሁለት ከፈሉና «ያኛው በኔ፣ ይሄኛው በሱ ይጠጣ» አሉኝ። በማን ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ያንተን ግማሽ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተም ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበርክም። አበባው ሲረግፍ ከሥሩ የሚወርደው፣ ፍሬ የሚይዘው ክር ወደ አፈር መግባት አለበት፤ በስምንት ቀን ግን መሬቱ እንደ ሸክላ ጠጠረበት። ባለሙያዋን ጠይቄ ፍሬ እስኪቋጥር በየአምስት ቀኑ አጠጣሁት፤ ከዚያ ወደ ስምንቱ ተመለስኩ። አባባ እያዩ እንዳላዩ ሆኑ።

ባለፈው ሳምንት ነቀልነው። የሳቸው ቅጠሉ ዓይን ይማርካል፤ ሥሩ ላይ ያለው ግን ጥቂት ፍሬ ነው፣ እሱም ግማሹ ጠቁሮ በስብሷል። ከሳቸው በኩል ስድስት ጆንያ፣ ካንተ በኩል አሥራ አንድ ወጣ። አባባ ቦዩ ዳር ተቀምጠው አንድ ፍሬ ፈለፈሉና ሳይቀምሱት «ልጄን ያባረርኩት በውሃ ነው» አሉ። እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው። «ልክ ነበር በዪው። ሥራውን ጥሎ ይምጣ አልልም፤ ድምፁን ግን ያሰማኝ» ብለዋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኩ ከእጃቸው አይወጣም። ምነው ስንላቸው «ባትሪውን ላይ ብዬ ነው» ይላሉ። እባክህ ወንድም ጋሼ፣ ደውልላቸው።

እማዬ ደረትህን ሸፍን ትልሃለች። ቀበጧ ታናሽህ በቁመት በልጣኛለች፤ ጉንጭህን ስማሃለች። አክስታችን ጉልበቷ ቢያማትም ምርቃቷ አልደከመም፤ ሙሉውን ልካልሃለች። የአባባን ሰላምታ ግን አልጻፍኩትም፤ ራሳቸው ሊነግሩህ እየጠበቁ ነው።

እህትህ

ከማሳው ዳር ካለው ቤታችን፣ ኅዳር ፲፬ ቀን