ሦስተኛዋ ተንበርካኪ

በርተን፣ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል አሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ 1623

ለውድ ምራቴ፤

እንደምን ከርመሻል? እግርሽ ማበጡን ልጄ ጽፎልኝ ነበር፤ ቀለል አለልሽ? ሌሊትስ እንቅልፍ ይወስድሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሳሉ ብቻ አለቀቀኝም፤ የድንጋይ ብናኝ ነው፣ ለሱ አታስቢ።

ለቀብሯ ያልደረስሽላት እናትሽ ሐውልቷ ለቅዱስ ሚካኤል በቤተ ክርስቲያን ሲቆም መጥተሽ ልታዪ፣ አባትሽንም እግራቸው ላይ ወድቀሽ ልትለምኚ እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። «ልምጣ ወይስ ልቅር? ቁርጡን ንገሩኝ» ብለሻል። ሦስት ሳምንት ያቆየሁሽ ጨንቆኝ ነው። አሁን የሆነውን ከዕለት ማስታወሻዬ እያየሁ እነግርሻለሁ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

ሐውልቱን ያዘዙት እኔን ነው። ሌላ ጠራቢ ጠፍቶ አይደለም። አባትሽ ከታላቅ ወንድምሽ ከአምብሮዝ ጋር መጥተው በሠራተኞቼ ፊት ትእዛዙን ነገሩኝ፦ እናትሽ በድንጋይ ተቀርጻ ከላይ ትተኛለች፤ ሰባት ልጆቿ ከሥሯ ይንበረከካሉ፤ ባገቡት እኅቶችሽ ራስ ላይ የባሎቻቸው ቤተሰብ አርማ ይቀረጻል። ከእናታቸው ቀድመው የሞቱት ደግሞ እንደ ደንቡ የራስ ቅል ይይዛሉ።

«እነሱ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ሦስት ናቸው» አለ አምብሮዝ። «ሦስተኛዋን ሴት ልጅ ጨምር። መልኳ አይጠፋህም፤ ከልጅህ ጋር ስትኮበልል ያደረችው አንተ ቤት አይደል?»

አባትሽ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። «እንዳለህ አድርግ» ብቻ አሉኝ።

እምቢ ማለት አማረኝ። ግን እኔ እምቢ ካልኩ ሥራው ኖቲንግሃም ይሄዳል፤ የማያውቅሽ ጠራቢ ቅሉን ከእጅሽ ጋር ከአንድ ድንጋይ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነቅለው የለም። አጥቢያው ደግሞ ድንጋይ ያለውን ያምናል። የወንድምሽ የልጅ ልጆች በየእሑዱ እያዩሽ በልጅነቷ የሞተችው አክስት ይሉሻል። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ሽማግሌው ጠራቢዬ ሆብ መሮውን ወረወረ። «በቁሟ ላለች ሴት የራስ ቅል? ይልቅ እኔን ከእግሯ ሥር አስቀምጡኝ፤ ጥርሴ አልቋል፣ ቁርጥ እሱን ነኝ» አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መሮውን አንሥቼ መለስኩለት። አንቺ ነፍሰ ጡር ሆነሽ፣ የአንቺን ምስል የማስጠርበው እንዲህ አድርጌ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አባትሽ ብቻቸውን መጡ። አምብሮዝ አደን ወጥቶ ነበር። ምስልሽ ፊት ቆመው ከላይ እስከ ታች መረመሩት። ስሕተት የሚፈልጉ መሰለኝ፤ አገኙም።

«አገጯ እንዲህ አይደለም» አሉ። «ወጣ ይላል። ስትቆጣማ ይብስበታል። የግራ ቅንድቧም ላይ ጠባሳ አለ፤ ከአጥር ወድቃ ነው።»

«እሱን እንኳ ነጭ አልባስጥሮስ ድንጋይ ላይ ማን ያየዋል፣ ጌታዬ?» አላቸው ሆብ።

«አንተ አውጣው፤ የሚያይ ያየዋል።»

ስምሽ ቤታቸው ውስጥ እንዳይነሣ የከለከሉት ሰውዬ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ቆመው ፊትሽን አስተካከሉ።

ሲወጡ በሩ ላይ አስቆሙኝና ቅሉ በምን እንደሚያያዝ ጠየቁ። ከእጁ ጋር አብሮ መውጣት እንደሚችል፣ ለብቻው ተጠርቦም በጀሶ ሊጣበቅ እንደሚችል ነገርኳቸው።

«በጀሶ ከሆነ ይነቀላል?»

«ስለታም ቢላዋ ለያዘ ሰው፣ አባታችን ሆይን ብሎ ሳይጨርስ ይነቀላል።»

«እጇስ? ጎድሎ ይቀራል?»

«የለም ጌታዬ። እንደ እኅቶቿ ለጸሎት የተገጠመ እጅ ነው የሚኖራት። አንድ ነገር ነበረበት የሚልም አይኖርም።»

«በጀሶ አድርገው» አሉ፤ «አምብሮዝ አይስማ።»

ምራቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ያልያዝኩትን ዕቃ አለኝ አልልም። ታርቀውሻል ብዬ አልጽፍልሽም። ቅሉ ለበዓሉ እጅሽ ላይ ሆኖ ይቆማል፤ አምብሮዝም ሰዎቹን ይዞ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይኖራል። ለዚያ ቀን እንዳትመጪ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያን ምስል አታዪው፤ አደራ።

ግን አንድ የቀረኝ ነገር አለ። አባትሽ ፈረሳቸው ላይ ከወጡ በኋላ ዞር ብለው፣ እናንተ ካላችሁበት ከብሪስቶል እዚህ ድረስ መንገዱ በዝናብ እንዴት ነው አሉኝ። ጭቃ ነው፣ ጋሪ ይገለብጣል አልኩ።

«እንግዲያው ከወለደች በኋላ ይሻላል» አሉና ፈረሳቸውን ኮልኩለው ሄዱ።

ስለ መፅነስሽ እኔ ለማንም አልተነፈስኩም። ለሆብ እንኳ አልነገርኩም። ታዲያ አባትሽ በምን አወቁ? እዚያ ሠፈርሽ ውስጥ ስላንቺ የሚጠይቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

እግዚአብሔር በሰላም ያገላግልሽ። ልጄን ሳሚልኝ፤ ከሥራ ሲገባ ደረቱን ይሸፍን በይው። ቤታችሁን ሰላም ያድርገው፤ ለዓይንሽ ያብቃኝ።

አማትሽ፣
የሚመጣው ልጅ አንደኛው አያት