«ግን» ባይ ያጣው ማህበር

ሶዶ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒያ አባት፣ ለሳሊህ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን እናትህ ነግረውኛል። «እማዬ ታማለች» ብለህ ወራቤ ከሄድክ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እሳቸው ትናንት ደውለው፣ «እኔ ከዳንኩ ቆየሁ ልጄ። እሱ ነው ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቤ ተቀምጦ የማደርገውን ሁሉ የሚቃወመው፤ በገዛ ወጤ ጨው በዛ ይለኛል» አሉኝ። የኔን ስልክ ስለማታነሳ፣ ስታነሳም ስለምትዘጋው ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋብኝም።

እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ሀኒያ በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ሱቁም ይሠራል፤ እንዲያውም በዚህ ክረምት የኛን ያህል ሳፋና ባልዲ የሸጠ የለም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ያን ቀን ከስብሰባ ፊትህ ጠቁሮ ስትመጣ ምን እንደገጠመህ አልነገርከኝም። በኋላ ነው የሰማሁት። የተራችን ነጋዴዎች ማህበር ከዳሞታ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ የሚወስድ ቦይ በሱቆቻችን ፊት እንቆፍር ሲል፣ አንተ «ጥሩ፤ ግን ውሃው መጨረሻው የት ነው?» አልክ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ገበየው ደግሞ «ሳሊህ ባለበት ስብሰባ አያልቅም። እስቲ እሱ የሌለበት ስብሰባ እንሞክር የሚል እጁን ያውጣ» አሉ። ሁሉም አወጣ። አንተም ተነስተህ ወጣህ።

አንድ በአንድ ጠይቄአቸዋለሁ። የስኳር ጅምላ ነጋዴው ሐጂ አብዱልከሪም እጃቸውን ያወጡት ጋሽ ገበየው ስላዩአቸው ነው። ሌሎቹ ያወጡት ሐጂ ስላወጡ ነው። ልብስ ሰፊው ጩማ ደግሞ ሻይ የሚፈልግ የተባለ መስሎት! «ዘይነባ፣ እኔ ሻይ ብዬ ነው፤ አንተ ታውቀኛለህ» አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤቴ ሆኖ እኔን «አንተ» ማለቱን አልተወም።

አንተ ስትሄድ በሱቃችን ስም ስብሰባ የምገባው እኔ ሆንኩ። እንዴት ያለ ስምምነት መሰለህ! እንደምታውቀው የምንሰበሰበው ጋሽ ገበየው ፍራሽ መሸጫ ውስጥ ነው፤ ስፖንጅ ላይ ተደላድሎ ደግሞ ማን ይቃወማል?

«ቦዩ እሁድ ይቆፈር?» አሉ ጋሽ ገበየው።

«ይቆፈር!»

«ከላይ ወደ ታች?»

«ከላይ ወደ ታች!»

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ስብሰባው አለቀ። ሐጂ እንዲያውም «እንዲህ ያለ ፍቅር እስከ ዛሬ የት ነበር?» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እሁድ በጠዋት ተባለ፤ አንድም ሰው የለም። ሁሉም በሩን ገርበብ አድርጎ ሌላው እስኪወጣ ያያል። እኔም አይ ነበር፣ አልዋሽህም። በኋላ ባንዴ ግልብጥ ብለን ወጣን። አንዱ ይቆፍራል፣ የቀረው «ወደ ግራ! ወደ ቀኝ!» ይላል። ሐጂ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ አካፋ ጨብጠው ፎቶ ተነሱ፤ አካፋዋ ግን እስከ ዙህር ሰላት አፈር አልነካችም። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተገኘ። ወንዶቹ ከበውት «ሆ!» አሉ፤ ድምፁ እስከ መናኸሪያ ተሰማ፣ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ሁሉም «ሆ» ይላል እንጂ የሚገፋ አልነበረም።

ሐቁን ለመናገር፣ ያዳኑን ጋሽ ገበየው ናቸው። «እያንዳንዱ በየሱቁ ፊት ያለውን ይቆፍር» አሉ። ያኔ ላብ ታየ! ሰው የጎረቤቱ ቦይ ከሱ ሲጠልቅ እያየ አያርፍም። ያ ድንጋይ ጩማ ፊት ነበርና ብቻውን በዲጂኖ ፈንቅሎ ጣለው። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቦዩ አለቀ። የጩማ በክር የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ፤ የሐጂ፣ ስኳራቸው እንዳይረጥብ ፈርተው ነው መሰለኝ፣ ሰው የሚውጥ።

ቦዩ ግን ከላይ ከኛ ሱቅ ተነስቶ ቁልቁል ሄዶ ሄዶ የቆመው ጋሽ ገበየው በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቱቦ በቆሻሻ ተደፍኗል። የሳቸው ቤት ደግሞ ከሁላችንም ዝቅ ያለ ነው። ሁላችንም ቆመን አየን። እርስ በርስ ተያየን። አጨበጨብን። እኔ በልቤ «የሳሊህ ያለህ!» እያልኩ አጨበጨብኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዳሞታ ጠቆረ። ዝናቡ ሲለቀው ውሃው እንደዚያ ታዛዥ ሆኖ አያውቅም፤ በቆፈርንለት መንገድ ጠብታ ሳይባክን ጋሽ ገበየው ቤት ገባ። ፍራሾቹ ተራቸውን ጠብቀው በበሩ ወጡ። አንዱ ባለ አበባ ፍራሽ የሰው ዶሮ አሳፍሮ እስከ ሚኒባሶቹ መቆሚያ ወረደ፤ ረዳቶቹም «ሻንቶ! ሻንቶ! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ተሳለቁበት።

ያን ቀን ነው ሳፋና ባልዲያችን ያለቀው። ጋሽ ገበየው ከነጫማቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ «እንዲህ እንደሚሆን ያወቀ አንድ ሰው አልነበረም?» አሉ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔስ ጠርጥሬ ነበር። ሁላችሁም ዝም ስትሉ የተሳሳትኩ መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ ሐጂ ዝም ሲሉ...» አለ ጩማ።

ጋሽ ገበየው በሳፋ ውሃ እየቀዱ፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ሰው ሁሉ እያጨበጨበልኝ እንዴት ብዬ ልናገር?» አሉ።

በማግስቱ ተራ በተራ ሱቃችንን ጎበኟት። ሐጂ ቤታቸው ሕፃን የለ፣ የፖፖ ዋጋ ጠየቁኝ። ፖፖውን እያገላበጡ፣ «ሳሊህ መቼ ነው የሚመለሰው? እኔ ጠየቅኩ እንዳትዪ» አሉ። ጩማ ያላዘዝኩትን መጋረጃ ሊለካ መጣ፤ «ሳሊህ ይምጣ። እኔ አላልኩም በል» ብሎኝ ሄደ። ጋሽ ገበየው ባለቤታቸውን እትዬ ዘመነችን የሚለበልብ ዳጣ አስይዘው ላኩ፤ እሳቸውም ዳጣውን አስቀምጠው ስላንተ ሳይጠይቁ አልተነሱም። ሁሉም ይፈልግሃል፤ ሁሉም ሌላው ቀድሞ እንዲናገር ይጠብቃል።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ተሰበሰብን፤ ፍራሹ ስላልደረቀ ከኛ ሱቅ በመጣ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ። ጋሽ ገበየው መፍትሔ አመጡ፤ ቦዩን የበለጠ ማጥለቅ። «ይጥለቅ!» አለ ሁሉም። እጆች ወጡ። ሰው ቤት ተጋብዘን «ግን» ባልክ ቁጥር በጠረጴዛ ሥር እግርህን ስረግጥህ የኖርኩ ሴት፣ ብድግ ብዬ «ግን» አልኩ።

«ግን ምን?» አሉ ጋሽ ገበየው።

«ግን ውሃው የት ይሄዳል? መውጫ ሳይኖረው ብናጠልቀው ኩሬ መቆፈራችን ነው። መጀመሪያ ከታች የተደፈነውን ቱቦ እንክፈት።»

ከዚያ ጩማ እጁን አወረደ። «እኔም እንደሱ ነበር የማስበው።» ሐጂም አወረዱ። አንድም እጅ አልቀረም።

ይህስ ባልከፋ። ግን የተከፈተ አፍ የሚዘጋው ጠፋ! አንዱ ቱቦውን በስተቀኝ እንክፈት ሲል ሌላው በስተግራ፤ ሐጂ «በርጩማው ወገቤን በላው» ይላሉ፤ ጩማ «መስኮቱ ይከፈት» ይላል፤ ከጎኑ ያለው «ይዘጋ»። ጋሽ ገበየው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ኧረ ሳሊህ ይሻለን ነበር፤ እሱ አንድ ሰው ነው!» አሉ።

እሁድ ቱቦው ተከፈተ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ድርሻ ተሰጥቶት። ትናንት ያን ሁሉ ዝናብ ዘንቦ የማንም ደጃፍ አልራሰም።

ጋሽ ገበየው የማህበሩን አባላት በሙሉ ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁህ ወራቤ ሊመጡ ተነስተው ነበር። እኔ ከለከልኩ። ሁሉም ባንድ ላይ ይቅርታ ሲል ማንም አላለም ማለት ነው። አንድ በአንድ፣ ፊት ለፊት፣ በየሱቃቸው ይበሉህ። ደግሞም በቦታህ እኔን መርጠውኛል፤ «ግን» የምትል አግኝተዋል። ስለዚህ ለነሱ ብለህ ከእናትህ ቤት አትነሳ።

እዚህ ቤት ግን የሚከራከረኝ የለም። የማደርገው ሁሉ ልክ ነው። የሶፋውን ቦታ ብለውጥ ልክ፣ መልሼ ብለውጠው ልክ። ልክ መሆን እንዲህ ይሰለቻል ብሎ ማን ገመተ?

አላህ ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልን፤ አንተንም ከነጭቅጭቅህ ይጠብቅህ።

የሀኒያ እናት፣
ዘይነባ

ይህን የሚያደርስልህ የእህቴ ልጅ ቡርሃን ነው። ሐሙስ በአይሱዙው ወደ ሶዶ ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው ብሎኛል። እንዲሁ ነው የነገርኩህ።